መሪ የያዘ እጅ አማና ይዟል

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

የዛሬው ማስታወሻችን ጠጥቶ ስለማሽከርከር ነው። «እኛ ሙስሊሞች ነን፣ ኸምር አንነካም፣ ይህ እኛን አይመለከትም» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰን። ይመለከተናል።

ቂሊንጦን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በዚያው አካባቢ የቢራ ፋብሪካ አለ። ፍርዳቸውን የሚጠባበቁ ሰዎች የሚታሰሩበት ማረሚያ ቤትም አለ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በእግራቸው ይመላለሳሉ፣ የኮንዶሚኒየሙ ልጆች መንገድ ያቋርጣሉ። በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዳማ ፈጣን መንገድ የሚሄደው ከባድ መኪናም ከዚያ አይርቅም። ጠርሙሱ የሚወጣበት በርና እስረኛው የሚገባበት በር ጎረቤት ናቸው። ጉርብትናው አጋጣሚ ነው። ለሚያስተነትን ሰው ግን ትምህርት አለው፦ ከመጀመሪያው በር እስከ ሁለተኛው ያለው ርቀት አንዳንዴ የአንድ ምሽት መንገድ ብቻ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ ኸምርንና ቁማርን ከሸይጧን ሥራ የሆነ ርኩስ ነገር ብሎ ሲያወግዝ ምክንያቱንም ነግሮናል፦ ሸይጧን በእነርሱ አማካኝነት በመካከላችን ጠላትነትንና ጥላቻን መጣል፣ አላህን ከማውሳትና ከሶላትም ማገድ ይፈልጋል። ጉዳቱ ሁለት አቅጣጫ እንዳለው አስተውሉ። አንዱ በባሪያውና በጌታው መካከል ነው። ሌላው በሰውና በሰው መካከል ነው። ጠጥቶ መሪ የጨበጠ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይነካል።

ይህ ትእዛዝ በወረደ ጊዜ አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) በአቡ ጠልሐ ቤት ለእንግዶች መጠጥ እየቀዱ ነበር። ለፋፊው በውጭ ሲያውጅ ተሰማ። አቡ ጠልሐ «ውጣና ድፋው» አሉ። ተደፋም። የመዲና መንገዶች በኸምር ራሱ። ማንም «የቀዳሁትን ልጨርስ» አላለም። ከዚያም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ብዙው የሚያሰክር ነገር ትንሹም ሐራም መሆኑን አስተማሩን። እኛ ዘንድ ድንበሩ የመጀመሪያዋ ጉንጭ ናት።

የአገራችን ሕግ ደግሞ በመጠን ይለካል። ደንብ ቁጥር 208/2003 ላይ ተቀምጦ የነበረው ጣሪያ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.8 ግራም አልኮል ነበር። ትራፊክ ፖሊስ የጠረጠረውን ሹፌር በትንፋሽ መመርመሪያ ይመረምራል። አንዳንድ ወጣት ይህን ሲሰማ «እስከዚያ ድረስ ታዲያ ችግር የለውም» ይላል። ወንድሜ፣ የሕጉ ቁጥር ፖሊስ አንተን የሚይዝበት መስመር ነው። አእምሮህ የሚዘገይበት መስመር አይደለም። አልኮል ፍርድንና እይታን ማዛባት የሚጀምረው ከዚያ በፊት ነው። ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ሲምል ፍሬን ለመያዝ የሚያስፈልገው ቅጽበት ረዝሟል።

አሁን ወደ «እኛን አይመለከትም» እንመለስ።

አንደኛ፣ ጨብሲን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀኑን በጫት ይዋላል፣ ማታ መርቃናውን ለመስበር ቢራ ይጠጣል፣ ከዚያ ቁልፍ ይነሳል። ይህን የሚያደርጉት ሌሎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ ባላነሳነው። ስለ ጫት ብይን እዚህ አንከራከርም። ግን የትንፋሽ መመርመሪያው የሚያየው አልኮልን ብቻ መሆኑን አትርሱ። ሌሊቱን በምርቃና ነቅቶ ያደረ የአይሱዙ ሹፌር መሣሪያውን በሰላም ያልፍ ይሆናል፤ እንቅልፉ ግን ሲመጣ አያስፈቅድም። አላህም የሚጠይቀን መሣሪያው ያነበበውን ብቻ አይደለም።

ሁለተኛ፣ አንተ ባትጠጣም የጠጣ ጓደኛህ መኪና ውስጥ ገብተህ ትቀመጣለህ። ከሠርግ መልስ ቁልፉን ሲያነሳ እያየህ «እንዳይቀየመኝ» ብለህ ዝም ትላለህ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወንድምህን በዳይም ሆነ ተበዳይ ሆኖ እርዳው ሲሉ፣ ሶሓባዎች በዳዩን እንዴት እንደሚረዱት ጠየቁ። መልሳቸው ከበደሉ ማገድ ነው የሚል ነበር። የዚያን ምሽት እርዳታ ማለት ቁልፉን መቀበል ነው። ይቀየም። የነገ ቅያሜ ከነገ ጀናዛ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ሚኒባስ ወይም ባጃጅ ገዝተህ ለሹፌር የሰጠህ ባለንብረት፣ ገቢውን ብቻ እየቆጠርክ የሹፌሩን ሁኔታ ካልጠየቅህ አማናው አንተም ዘንድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2081 መሠረትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ይጠየቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (እ.ኤ.አ) ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን ከምንም በላይ የሚገድለው ይኸው ነው። ይህን ጽሑፍ የምታነቡት አብዛኞቻችሁ በዚህ ዕድሜ ውስጥ ናችሁ።

አደጋው ከደረሰስ? አላህ ይጠብቀን። ግን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም በዚያች ደቂቃ ሸይጧን አራት ነገር ይዞ ይመጣል።

«ሽሽ» ይልሃል። አትሽሽ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው ሳይረዱ መተውን ይቀጣል፤ ጉዳቱን ያደረስከው አንተው ከሆንክ ቅጣቱ ይብሳል። ተጎጂውን ወደ ሕክምና አድርስ። አንድን ነፍስ ያዳነ የሰውን ልጅ ሁሉ እንዳዳነ ነው የሚለውን የቁርኣን መልእክት የምንኖረው እዚህ ጋ ነው።

«ጉቦ ስጥ» ይልሃል። ሰጪውም ተቀባዩም የተረገሙበት ነገር ነው። በሕግም ሁለተኛ ወንጀል ነው።

«ሌላ ሰው ነበር የነዳው በል» ይልሃል። ረዳቱ ወይም ታናሽ ወንድምህ እንዲሸከምልህ ማድረግ በሐሰት ምስክርነት ላይ ዙልም መጨመር ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታላላቅ ወንጀሎችን ሲቆጥሩ ተደግፈው ከነበሩበት ተነስተው የተቀመጡት የሐሰት ምስክርነት ላይ ሲደርሱ ነው።

አራተኛው ከመርማሪው ጋር መጣላት ነው። በትዕግሥት ቁም፣ መንጃ ፈቃድህን አሳይ፣ ምርመራውን ተቀበል።

ይህ ማለት ግን መብት የለህም ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ለተያዘ ሰው ሁሉ መብት ሰጥቷል። የተያዝክበት ምክንያት በሚገባህ ቋንቋ ወዲያው ይነገርሃል። ዝም የማለት መብት አለህ፤ የምትናገረው ቃል ማስረጃ ሊሆን እንደሚችልም ይነገርሃል። በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት የለውም። ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ። በአንቀጽ 21 መሠረት ቤተሰብህ፣ ጓደኞችህ፣ ሐኪምህ፣ ጠበቃህና የሃይማኖት አማካሪህ ሊጎበኙህ ይችላሉ። በዝምታ መብት መጠቀም ውሸት አይደለም። ከጠበቃ ጋር ተማክሮ እውነቱን በሥርዓት መናገርም ከሐቅ መሸሽ አይደለም። ውሸት ግን ውሸት ነው፣ ጠበቃ ቢመክርህም።

የቅጣቱን ክብደትም እወቅ። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 ስለ ቸልተኛ ግድያ ይደነግጋል። ተራው ቸልተኝነት ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ያስከትላል። የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ከመቀጮ ጋር ነው። ሟቾቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም አድራጊው ግልጽ ደንብን ሆን ብሎ ከጣሰ፣ ወይም በመጠጥና በዕፅ ራሱን ኃላፊ ወደማይሆንበት ሁኔታ ካስገባ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮ ይሆናል። እንዲህ ባለ ክስ ዋስትና ሊከለከልም ይችላል። ያኔ ነው ክርክሩን ከማረሚያ ቤት ሆኖ መከታተል የሚመጣው። «ሰክሬ ስለነበር አላወቅሁም» የሚለውም አያድንም፤ በራሱ ጥፋት የሰከረ ሰው በስካሩ እንዳይከላከል አንቀጽ 50 በሩን ዘግቶታል።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ዛሬ ልናስተላልፍ የፈለግነው ዋናው ነገር ይህ ነው። ተውበት በሩ ክፍት ነው፤ አላህ ወደርሱ የተመለሰን አይመልስም። ነገር ግን ኸምሩ የአላህ ሐቅ ሲሆን የተገደለው ሰው ደም የሰው ሐቅ ነው። የሰው ሐቅ በለቅሶ ብቻ አይወርድም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ከሳሪው ሰው ነግረውናል፦ በቂያማ ቀን ሶላት፣ ጾምና ዘካ ይዞ ይመጣል። ግን አንዱን ሰድቧል፣ የሌላውን ደም አፍስሷል። ከመልካም ሥራው ለተበዳዮቹ ይታደላል። ሲያልቅበት ደግሞ የእነርሱ ወንጀል ይጫንበታል።

ስለዚህ በስሕተት ሰው ለገደለ ሰው ሱረቱ ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ መንገዱን አስቀምጧል። ለሟች ቤተሰብ የደም ካሳ (ዲያ) ይሰጣል፣ እነርሱ ሰደቃ አድርገው ካልተዉት በቀር። ከፋራም አለ፤ አማኝ ባሪያ ነጻ ማውጣት፣ ያ ካልተገኘ ሁለት ወር ተከታታይ ጾም። ፍርድ ቤት በነጻ ቢያሰናብትህም፣ ወይም እስራቱን ጨርሰህ ብትወጣም፣ ይህን «አልቋል» ብለህ አትዝጋው። ወደ ዐሊም ሂድ፤ በየአደጋው የሹፌሩ ጥፋት መጠን ይለያያልና ብይኑን እርሱ ይንገርህ። ኢንሹራንሱ ይክፈል ብለህም አትተኛ። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለሞት አስቀምጦት የነበረው ካሳ ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር። የአባት ያጣ ቤት በዚህ እንደማይቆም ማንም ያውቃል።

የሚገርመው፣ ሕጉ ራሱ ለተውበት ቦታ ትቷል። አንቀጽ 82 ቅጣትን ከሚያቀልሉ ምክንያቶች መካከል ከልብ መጸጸትን ይቆጥራል። ጸጸቱ የሚታየውም ተጎጂውን በመርዳት፣ ጥፋትን በማመን፣ እጅን በመስጠትና ጉዳቱን በመካስ ነው። ዑለማዎቻችን የተውበት መስፈርት ብለው ከሚያስተምሩን ጋር አስተያዩት፦ መጸጸት፣ መተው፣ ላለመመለስ መቁረጥና ሐቅን ለባለቤቱ መመለስ።

በመጨረሻ፣ ከመካከላችን በዚህ ጥፋት የታሰረ ወንድም ካለ አትርገሙት። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን አንድ ሰው በመጠጥ ምክንያት ደጋግሞ እየቀረበ ይቀጣ ነበር። አንዱ ሲረግመው ነቢያችን ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። ቅጣቱ አልቀረለትም። ከወንድማማችነቱ ግን አልወጣም። እናንተም የታሰረውን ጠይቁት፤ የሟችን ቤተሰብ ግን ከእርሱ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለቅሶ ደርሶ መመለስ አይበቃም፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት እየሄዱ እንደሆነ ከሦስት ወር በኋላም ጠይቁ።

ዛሬ ከጁሙዐ ሶላት ስትወጡ እያንዳንዳችሁ አንድ የምታውቁትን ሹፌር አስቡ። ጓደኛ፣ አጎት፣ የሰፈር ባለ ባጃጅ። ደውሉለትና ይህን ንገሩት። ከመንገድ ላይ እሾህ ማንሳት የኢማን ቅርንጫፍ ከሆነ፣ የሰከረ ሹፌርን ከመንገድ ማንሳትማ ምን ያህል ይሆን!

አላህ ሆይ! መንገዳችንን ሰላም አድርግልን። እጃችንን ከሰው ደም ጠብቅልን። የሰው ሐቅ በጫንቃችን ላይ ይዘን ካንተ ዘንድ ከመቅረብ አድነን። በመንገድ ላይ የሞቱብንን እዘንላቸው፣ ቤተሰቦቻቸውን አጽናና። የታሰሩትን ወደ ተውበት ምራ። አሚን።