ስለ አመድና ስለ እውነት

አባቶች «እሳት አመድ ወለደ» ብለው የሚተርቱት ከብርቱ አባት ለተወለደ ደካማ ልጅ ነው። ይሁን እንጂ አመድ እንደ ተረቱ ከንቱ ነገር አይደለም፤ እናቶቻችን ዕቃ ሲያጥቡበት ኖረዋል። በዘመናችንም አንዳንድ አገሮች ከከተማ ቆሻሻ ቃጠሎ የሚቀረውን አመድ ለመንገድ መደልደያና ለብሎኬት መሥሪያ ያውሉታል።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። በአዲስ አበባ ቆሼ በሚባለው ሥፍራ በ2009 ዓ.ም. በመጋቢት ወር የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። በ2010 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ደግሞ በዚያው አጠገብ ቆሻሻ እያቃጠለ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ። ነገር ግን ቆሻሻ ስለ ተቃጠለ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ከአምስት ኩንታል አንድ ኩንታል ያህሉ አመድ ሆኖ ይቀራል። ይህን መልሶ ከመከመር ይልቅ ቤት ቢሠሩበት ማን ይጠላል?

ዳሩ ግን አመዱ ሁለት ዓይነት ነው። ከምድጃው ሥር የሚቀረው ከባዱ አመድ ብረቱ ተለቅሞ፣ ለሳምንታት ሜዳ ላይ ሰንብቶና ተመርምሮ ለሥራ ይውላል። ከጭሱ ጋር በርሮ በማጣሪያ የሚያዘው ደቃቁ አመድ ግን እርሳስ፣ ካድሚየምና ዳዮክሲን የሚባሉ መርዞችን ይሸከማል። በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1994 እስከ 1999 ድረስ፣ ሁለቱ አመዶች ተደባልቀው በጓሮ አትክልት ቦታዎች መተላለፊያ ላይ ተነጠፉ። በኋላ ሲመረመር መርዙ በአመዱ ብቻ ሳይሆን በዚያ በሚጭሩት ዶሮዎች እንቁላል ውስጥ ጭምር ተገኘ። አትክልት የሚኮተኩቱት ሰዎች አመዱን አልደባለቁም፤ ከመርዙ ጋር የኖሩት ግን እነርሱ ናቸው።

ቁጠባ መልካም ጠባይ ነው። ነገር ግን ትርፉ ለእኔ፣ ጉዳቱ ለሌላ ሲሆን ቁጠባ መባሉ ቀርቶ ማታለል ይሆናል። «ሲሚንቶ መርዙን አሥሮ ይይዘዋል» የሚል ሰው ይኖራል፤ አነጋገሩም እውነትነት አለው። ሆኖም ግድግዳ ለዘለዓለም አይቆምም። ከ50 ዓመት በኋላ በመዶሻ የሚያፈርሰው የቀን ሠራተኛ አቧራውን ይተነፍሳል፤ ያ ሰው ምናልባት ዛሬ ገና አልተወለደም፤ ስለዚህ ቀርቦ ሊጠይቀንም ሆነ ሊከሰን አይችልም። ኦሪት ዘዳግም ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዘዘው ስለ ቤቱ ጌታ ብቻ አይደለም፤ ስሙን ስለማያውቀው እንግዳም ጭምር ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ከመካከላችሁ መሐንዲስ፣ ነጋዴና ሹም የሚሆኑ አሉ። አመዱን አትናቁት፤ ነገር ግን ሁለቱን ለዩ፣ መርምሩ፣ ብሎኬቱ ከምን እንደ ተሠራም ለሚገዛው ሰው ሳትደብቁ ንገሩ። እውነቱ ሲነገር ገዢ የሚሸሸው ብሎኬት ከሆነ፣ ሳይነገር መሸጡ ስርቆት ነው። የራሳችሁን ሕፃን በማታስተኙበት ቤት ውስጥ የጎረቤታችሁን ልጅ አታስተኙ።