በክፉ ላይ መሳቅና ከክፉ ጋር መሳቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ለሳቅ ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ ማንበብ ለክርስቲያን ወጣት ይገባዋልን? ይልቁንም የሚያስቀን የክፉ ሰዎች ሥራ ከሆነ፥ ሳቃችን ክፋትን ማቅለል አይሆንብንምን? ይህ ጥያቄ በመካከላችን ብዙ ጊዜ ስለሚነሣ፥ አንድ መጽሐፍ በምሳሌነት ወስደን ልንመረምረው ወደድን።

አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስካልዚ እ.ኤ.አ. በ2023 ያሳተመው «ስታርተር ቪለን» የሚባል አስቂኝ ልብ ወለድ አለ፤ ስሙም «ጀማሪ ክፉ» እንደ ማለት ነው። ቻርሊ የተባለው ባለታሪክ ቀድሞ ጋዜጠኛ የነበረ፥ ኋላ ግን በተተኪ መምህርነት የሚኖር እጅ ያጠረው ሰው ነው። ብዙም የማያውቀው ባለጸጋ አጎቱ ሲሞት ሀብቱን ይወርሳል። የአጎትየው የመኪና ማቆሚያ ንግድ ግን ሽፋን ኖሯል፤ ከበስተኋላው በእሳተ ገሞራ ደሴት ላይ የተደራጀ የክፋት ድርጅት አለ። ድመቶቹ የሰው ቋንቋ የሚያውቁና በኮምፒዩተር የሚጽፉ ሰላዮች ናቸው፤ ዶልፊኖቹም በሥራ ሁኔታቸው ተማርረው አድማ ይመታሉ። ወደ ቀብሩ የመጡት እንግዶች እንኳ የሚፈልጉት ለማልቀስ ሳይሆን ሰውዬው በእርግጥ መሞቱን ለማረጋገጥ ነው።

አንዳንዶቻችን እንዲህ ያለውን ንባብ እንሠጋዋለን፤ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። ቅዱስ ዳዊት በመጀመሪያው መዝሙሩ ከፌዘኞች ጋር የማይውለውን ሰው ያመሰግናልና። ይሁን እንጂ ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ በበኣል ነቢያት ላይ እንደ ተሳለቀ፥ ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 44 ከአንዱ ግንድ ግማሹን አንድዶ በቀረው ጣዖት በሚሠራው ሰው ላይ እንዳፌዘ እናነባለን። እነዚህ ቅዱሳን ክፋትን አላቀለሉም፤ የውሸት ግርማውን ገፈፉት እንጂ።

እንግዲህ በክፉ ላይ መሳቅና ከክፉ ጋር መሳቅ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሐሰተኛ ፍርሃትን ከልብ ያርቃል። ሁለተኛው ግን በተበደለው ላይ መሳቅ ስለሆነ ልብን ያደነድናል።

በዚህ ሚዛን ስናየው፥ መጽሐፉ የሚሳለቀው ራሳቸውን የዓለም ገዢዎች አድርገው በሚቆጥሩ ባለጸጎች ላይ ነው፤ በማስተዋል ድመቶቹ ይበልጧቸዋል። ቻርሊም የዶልፊኖቹን አቤቱታ ከመናቅ ይልቅ ያዳምጣል። ሆኖም አንድ ጉድለት አለበት፤ በዚያ ሁሉ ክፋት የተጎዱት ሰዎች ቤትና እንባ እምብዛም አይታይም። ያንን በኅሊናው መሙላት የአንባቢው ፈንታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን ግን ፈተናው ለቻርሊ በምን መልክ እንደ መጣለት ነው። በጦር አልመጣበትም፤ በችግሩ ቀን፥ በዘመድ ስጦታ ስም መጣለት። አባቶቻችን «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይላሉ። ክፋትም ንግድ ተብሎ ቢጠራ፥ ውርስ ተብሎ ቢጠራ፥ ዓመሉ ያው ነው። ነገ እኛም ትምህርታችንን ጨርሰን ሥራ ባጣንበት ሰዓት፥ አንድ ዘመድ ምንጩን የማናውቀውን ገንዘብ በፍቅር ቢዘረጋልን፥ «ይህ ከየት መጣ? ማን አልቅሶበታል?» ብለን ለመጠየቅ ድፍረቱ ይኖረናልን? የሚወደንን ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ጠላትን ከመቃወም ይከብዳል። ከዚያም በላይ ቤተሰብ እየተራበ እንቢ ማለት እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ጥያቄውን ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት መለማመድ ያስፈልጋል፤ ቀልድ ያለበት መጽሐፍም መለማመጃ ሊሆን ይችላል።

በመሆኑም እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ስናነብ እንሳቅ፤ መጽሐፈ መክብብ ለሳቅም ጊዜ እንዳለው ያስተምረናልና። መጽሐፉን ከዘጋን በኋላ ግን የሳቅነው በማን ላይ እንደ ነበረና ሳናየው ያለፍነው ተበዳይ ማን እንደ ሆነ እርስ በርሳችን እንጠያየቅ። ማስተዋሉን እግዚአብሔር ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።