ማረምና ማጥፋት

«ማረም» የሚለው ቃላችን ሁለት ሥራ ይሠራል። ገበሬ በጤፉ መካከል የበቀለውን አረም ሲነቅል ያርማል፤ መምህርም የተማሪውን ስሕተት ሲያቀና ያርማል። በሁለቱም ዘንድ የሥራው ፍጻሜ መልካሙን ማዳን እንጂ ክፉውን መበቀል አይደለም። ይኸን ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ይመስለኝ ነበር፤ ዳሩ ግን በእውነት የተረዳሁት በጎለመስሁ ጊዜ፣ በሰው አገር፣ ከአንድ ድንጋይ ነው።

በምኖርበት በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ፣ የባሕር ዓሣ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። እኔም ይኸን ልማድ ከጎረቤቴ ቀሰምሁ። የዚህ ገንዳ መሠረቱ ዓሣው ሳይሆን «ሕያው ድንጋይ» የሚባለው ነው። ድንጋዩ ራሱ ሕይወት የለውም፤ ከኮራል አፅም ወይም ከኖራ ድንጋይ የሆነ፣ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ነገር ነው። ነገር ግን በባሕር ውስጥ ሲቆይ በየቀዳዳው ባክቴሪያ፣ አልጌ፣ ትልና ቀንድ አውጣ ይሰፍሩበታል። ዓሣ ከሰውነቱ የሚያወጣውን አሞኒያ የተባለ መርዝ ባክቴሪያዎቹ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥለውም ጉዳቱ ወደሚያንስ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። በ1961 እ.ኤ.አ. ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ሰው ገንዳን በእንዲህ ያለ ድንጋይ ማኖር እንደሚቻል ጽፎ ለብዙዎች አስታወቀ። በፍሎሪዳ አጠገብ ባለው የፌዴራል ባሕር ግን ድንጋዩን ከተፈጥሮ ቦታው መልቀም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች ድንጋይ ከየብስ ወስደው በባሕር ወለል ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሕይወት ለብሶ ሲያገኙትም ያወጡታል።

እንዲህ ያለው ድንጋይ ከመልካሙ ጋራ ተባይም ይዞ ይመጣል። በእኔም ድንጋይ ላይ አይፕታዝያ የምትባል፣ በውሃው እንቅስቃሴ የምትወዛወዝ፣ አበባ የመሰለች እንስሳ ብቅ አለች። ውበቷ ደስ ስላሰኘኝ ተውኋት። ሌሊት በባትሪ ብርሃን ስመለከት ደግሞ ባለ ጠጉር ትል ከቀዳዳ ሲወጣ አየሁና ተጸየፍሁት፤ በወረንጦ እየለቀምሁ ገደልሁት። በኋላ እንደ ተማርሁት ግን ከዚህ ትል ወገን አብዛኛው የምግብ ትራፊና የሞተ ነገር የሚበላ ጠራጊ ነው፤ ያችኛዋ ውብ ግን ኮራልን የምትነድፍ ናት። እንግዲህ ጠላቴን በመልኳ ወድጄ፣ አገልጋዬን በመልኩ ገድዬ ነበር።

ይኸን ባወቅሁ ጊዜ ተቆጥቼ አይፕታዝያን በቢላዋ ፋቅኋት። ከተቆረጠችው የቀረው ቁራጭ ራሱን ችሎ ስለሚያድግ፣ ብዙ ሳይቆይ አንዷ ብዙ ሆነች። ትዕግሥቴ አለቀ። ድንጋዩን የሚቀቅሉት ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ይህ ግን በላዩ ያለው አንዳንዱ እንስሳ መርዙን በእንፋሎት ስለሚለቅ ለሰውም አደገኛ ነው። እኔ ድንጋዮቹን ሁሉ በጓሮ በፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ አንድም ተባይ አልቀረም፤ ድንጋዩ ነጭና ንጹሕ ሆነ። ደስ ብሎኝ ወደ ገንዳው መለስሁት። ዳሩ ግን ከተባዩ ጋራ ባክቴሪያው ሞቶ ነበር። በየቀዳዳው የሞተው ሁሉ ይበሰብስ ጀመር፤ መርዙን የሚለውጥ አልነበረምና ሁለቱ ዓሣዎች በአራተኛው ቀን ሞቱ።

ዓሣዎቹን ይመግብ የነበረው ከእኔ ጋራ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ነው። የነጣውን ድንጋይ አይቶ «ጋሼ፣ አሁንስ ምንም የለበትም» አለኝና ወደ ክፍሉ ገባ።

ቃሉ ልቤን ነካኝ። ከጥቂት ወራት በፊት ይኸን ልጅ በውሸት ይዤው ነበር። ከትምህርት ቤት ቀርቶ ከጓደኛው ጋራ ውሎ «ተምሬ መጣሁ» አለኝ። እኔም ጓደኞቹን ሁሉ ከለከልሁ፤ ኳሱን ወሰድሁ፤ ከቤት እንዳይወጣ አዘዝሁ። ከዚያ ወዲህ አልዋሸኝም። ነገር ግን እውነትም አይነግረኝም ነበር፤ ጨርሶ አይነግረኝም ነበር። እኔ ግን አረምሁት ብዬ እኮራ ነበር።

ድንጋዩን እንደገና ጀመርሁ። አዲሱን ድንጋይ በጨለማ ዕቃ፣ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ባለበት፣ 25 ዲግሪ በሚሞቅና ፓምፕ በሚያንቀሳቅሰው ውሃ ውስጥ አኖርሁት። የሞተውን በብሩሽ አነሣሁ፤ ውሃውን ለወጥሁ፤ አሞኒያውና ናይትራይቱ ሁለቱም ዜሮ እስኪሆኑ ድረስ ስድስት ሳምንት ጠበቅሁ። ሸርጣኑን ድንጋዩን ለአጭር ጊዜ ጨው በበዛበት ውሃ ነክሬ አስወጣሁት፤ አይፕታዝያ በበቀለች ጊዜ አንድ በአንድ በመርፌ የሎሚ ጭማቂ ወጋኋት፤ ትሉን ግን ተውሁት። ለልጁም ኳሱንና ጓደኞቹን መለስሁለት፤ ስለ ውሸቱ ብቻ፣ ሳንጯጯህ፣ ብዙ ማታ ተነጋገርን። አንድ ቀን ራሱ መጥቶ በሒሳብ ፈተና መውደቁን ነገረኝ። ክፉ ወሬ እንዲያ ደስ አሰኝቶኝ አያውቅም።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ታዲያ ክፉ ነገር አይነቀልምን?» ይል ይሆናል። ይነቀላል። የበሰበሰ ስፖንጅ በድንጋዩ ላይ የተገኘ እንደ ሆነ ውሃውን ሁሉ ስለሚመርዝ በዚያው ቀን መነሣት አለበት፤ ከሰውም ጠባይ እንዲሁ ዕለቱን የሚከለከል አለ። ነገር ግን ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ነገ መምህር፣ አለቃ ወይም ወላጅ ትሆናለህና፣ እጅህን ከማንሣትህ በፊት ክፉውን ምን ያህል እንደምትጠላው ብቻ ሳይሆን፣ በአጠገቡ የሚኖረውን መልካም ነገር ታውቀው እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ። የማታውቀው እንደ ሆነ ጥቂት ቆይና ተመልከት፤ አራሚ ከአጥፊ የሚለየው በዚህ ነው።