አንድ ጫማ ለሦስት

ልጆቼ፣ ባለፈው ወር ልምምዳችሁን እንዳይ ጠርታችሁኝ ነበር። በተውኔታችሁ ሦስት ጀማሪ ተዋንያን በአንዲት የኪራይ ክፍል ተዳብለው ይኖራሉ፤ ለኦዲሽን የሚወጡበት ደህና ጫማ ግን አንድ ብቻ ነው። ተውኔቱ ለዛ አለው። ሆኖም ተራ የደረሰው ልጅ ጫማውን ሲያጠልቅ እግሩን ወደ ተመልካች ወንበሮች ዘርግቶ በዐይኑ ጠቀሰ። የዚያን ዕለት ሰው ፊት መናገሩ ከበደኝና ይኸው እጽፋለሁ።

አንድ ጫማ የሚያጋራውን ችግር ኖሬበታለሁ። በ1960ዎቹ በአንድ ተውኔት የባለጸጋ ደጃዝማች ሚና ደርሶኝ፣ ካባ ደርቤ፣ ከቀረበልኝ ሞሰብ ፊት «በቃኝ፣ አንሡልኝ» እላለሁ። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም፤ ሞሰቡ ላይ ያለውም እንጀራ ቀለም የተቀባ ጨርቅ ነው። ቃሌን ሳልጨርስ ሆዴ ጮኸ። የፊት ረድፍ ሰማ። ከኀፍረቴ የተነሣ አንገቴን ይበልጥ አቀናሁ፤ ሳቁም ይበልጥ ባሰበት። ረሀባችንን ሸሽገን ደጃዝማች ለመምሰል ስንፍጨረጨር ነው ሰው የሚስቀው፤ ረሀቡን አውጥተን ብናሳየውማ ያዝንልናል፣ ወይም ይሰለቸናል።

ይህንን ትምህርት ቶሎ ረሳሁት። የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» ስንለማመድ፣ ጭብጨባ አስለምዶኝ ኖሮ፣ ቃሉን ሁሉ እያጣፈጥሁ ወደ ባዶው አዳራሽ ዐይኔን እልክ ነበር። አዘጋጃችን ልምምዱን አስቁመው «አንተ፣ የመጣኸው ሙሽራ ልትጠልፍ ነው ወይስ ልታስቅ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ጠላፊው ነገሩን የሞት ሽረት አድርጎ ካልያዘው፣ ተመልካች ምን ይስቅበታል?

ኮሜዲ ቀላል ነው የሚሏችሁን አትስሙ። የአማርኛ ተውኔት የጀመረው በእሱ ነው። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የሹማምንቱን ጉድለት በአራዊት አንደበት ቢናገር፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ሙያችን ገና በልደቱ የተቀበለው ደመወዝ ይህ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም እምብዛም አልተጨመረለትም።

ማክሰኞ ሳትጠሩኝ መጥቼ ከኋላ ተቀመጥሁ። ያ ልጅ ጫማውን አድርጎ ገባ። ጓደኛው ባዶ እግሩን ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ አየውና፣ ቀስ ብሎ እግሮቹን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበ። ወደ እኛ ዞር አላለም። መብራት የሚያስተካክለው ሰው መሰላሉ ላይ እንዳለ ሲስቅ ሰማሁት።