ክፉ አታናግረን

ከማጀቴ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢት በኩል አዲስ አበባ የሚገባ የአውቶቡስ መንገደኛ በመስኮት ሁለት ጊዜ ይጣላል። ሮቢት ላይ ሙቀቱ ሲያፍነው «ይከፈት!» ይላል፤ ጣርማበር አቀበት ላይ ብርዱ ሲገርፈው ደግሞ «ይዘጋ!»። ሾፌሩን «ፍሬኑ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ያለ አይመስለኝም። ቢኖርም «ኧረ ክፉ አታናግረን!» ተብሎ ይገሠጻል። በእኛ ዘንድ አደጋን በስሙ መጥራት ሟርት ነው።

አውሮፕላን ላይ ግን ሟርቱ ግዴታ ነው። ገና መሬት ሳንለቅ አንዲት ወጣት ፈገግ ብላ፣ ባሕር ላይ ብንወድቅ ምን እንደምናደርግ ታሳየናለች። እኛም ጋዜጣችንን እንገልጣለን። ነገሩ የተበላሸው «አስተናጋጅ» ብለን የሰየምናት ዕለት ሳይሆን አይቀርም፤ ምሳና ቡና ለማቅረብ እንጂ ከሞት ልታወጣን የሠለጠነች አትመስለንም።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767፣ ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ካፒቴን ልዑል አባተ ሁለቱም ሞተሮች ጠፍተውበት እንኳ ወደ ዳርቻው አስጠግቶት ነበር። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የመንሳፈፊያ ሰደርያቸውን እዚያው ውስጥ እንዳሉ ነፍተውት ነበር። ውኃው ሲሞላ የተነፋው ሰደርያ ወደ ጣሪያው ያንሳፍፋል፤ ጠልቆ ወደ በሩ መውጣት አይቻልም። «ሳትወጡ አትንፉ» የሚለው ቃል በዚያች ተሰላቺ ማሳሰቢያ ውስጥ ያለ ነው። እነዚያን ሰዎች ማን ይወቅሳል? በጭንቅ ሰዓት ማንም አዲስ ነገር አይማርም። መስማት የሚቻለው በደኅና ጊዜ ነው፤ በደኅና ጊዜ ደግሞ ሟርት እንለዋለን።

ምቾት ከንቱ ነው አልልም። የተሸበረ ሰውም አይሰማም፤ ፈገግታዋ ለዚህ ያስፈልጋል። ዳሩ ግን ዋጋ አለው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር የነበረ የሲንጋፖር አየር መንገድ አውሮፕላን በኃይለኛ ንውጥውጥታ ተመትቶ አንድ መንገደኛ ሞተ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። ከዚያ በኋላ አየር መንገዱ የቀበቶው ምልክት በርቶ ሳለ ትኩስ መጠጥ ብቻ ሳይሆን ምግብም ማቅረብ አቁሞ ነበር። የተጠማ መንገደኛ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። «የገዛ ነፍሴ ናት» የሚለውም ቢሆን፣ ያልታሰረ ገላው የሚያርፈው ጎረቤቱ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ወደ ዱባይ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠችው ከማጀቴ አካባቢ ለቤት ሠራተኛነት የምትሄድ ልጅ ነበረች። ቀበቶውን ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ «ጋሼ፣ ይኼ እንዴት ነው የሚፈታው?» አለችኝ። እኔም፣ የተማርኩት ሰውዬ፣ «አይዞሽ፣ ምንም አይፈጠርም» አልኳት። ዝም አለች። አውሮፕላኑ መንደርደር ሲጀምር ነው ጣቷን መቆለፊያው ላይ አድርጌ ያሳየኋት።