ውሻውን ወይስ ባለቤቱን?

ደሴት ሲባል ውኃ የከበበው መሬት ይታየናል። የወሎ ደሴቶች ግን ተራራ ላይ ናቸው። ከከላላ ባሻገር፣ በመካነ ሰላም በኩል፣ የአገሬው ሰው ደንቆሮ ጫካ የሚለው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አለ። አናቱ ጓሳና ጅብራ ነው፤ ግርጌው እርሻ። እዚያ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም እንዲህ በተበጣጠሱ የኢትዮጵያ ከፍታዎች ላይ ናቸው።

ወደዚህ ደሴት የሚዘልቀው እንግዳ ውሻ ነው። ከእረኛው ጋር ይወጣል፤ በሽታውንም ይዞ ይወጣል። ቀይ ቀበሮ አይጥ የሚያድነው ለብቻው ነው፤ የሚኖረው ግን በቡድን ስለሆነ አንዱ ከተለከፈ ሌላው አይተርፍም። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ፣ ወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ጨርሷል።

ታዲያ ውሻውን እንግደለው? በደቡብ አትላንቲክ የምትገኘው ሳውዝ ጆርጂያ ደሴት ላይ፣ በአዳኞች መርከብ የገቡ አይጦች የወፎቹን እንቁላልና ጫጩት ሲፈጁ ኖሩ። ከሄሊኮፕተር መርዝ ተበተነላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደሴቷ ከአይጥ ነፃ መሆኗ ታወጀ። ወፎቹም ተመለሱ። ያንን ግድያ ጭካኔ ብሎ ማለፍ ይከብደኛል፤ ዝም ማለትም እኮ በወፎቹ ላይ መፍረድ ነበር።

የእኛ ጉዳይ ግን ይለያል። የሳውዝ ጆርጂያ አይጥ ጌታ አልነበረውም። የደጋው ውሻ ጌታ አለው፤ በጎቹን ከጅብና ከቀበሮ የሚጠብቅለት እሱ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን፤ ሌሊት እናስጮኸዋለን፤ ቀን ግን ሆዱን ራሱ እንዲችል እንለቀዋለን። ጫካ ሲገባ ደግሞ «መጤ አውሬ» የሚል ስም እናወጣለታለን። ስሙ ባለቤቱን ይደብቃል።

ስለዚህ ከጥይቱ በፊት የሚቀድም ዕዳ አለ፤ ማሰርና ማስከተብ። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ መተላለፊያው ይቆረጣል። ያ ክትባት ቀበሮውን ብቻ አይደለም፣ ከውሻው ጋር የሚጫወተውን የገበሬውን ልጅም ያድናል።

ዋጋውን ማን ይክፈል ለሚለው፣ ለድሃው ገበሬ ብቻ አንተውለት። በቀይ ቀበሮ የምንኮራው ከተማ ተቀምጠን ነው። ኩራቱ የጋራ ከሆነ ሒሳቡም የጋራ ነው። ይህን ሳንከፍል ጠመንጃ ብናነሳ፣ የምንተኩሰው በገዛ ቸልተኝነታችን ምስክር ላይ ነው።