ሁለቱ ጳጳሳትና የእናቴ ፈረሰኛ

እናቴ በየፋሲካው የዶሮውን ፈረሰኛ ለታናሽ ወንድሜ ታስቀምጥለታለች። እሱ ግን አይመጣም። ሃይማኖት ከቀየረ ወዲህ «እኔ ባለሁበት ማዕድ አትቀርብም» ያልኩት እኔ ነኝ። ይኸው አራት ዓመት ሆነ። ለእምነቴ የቆምኩ መስሎኝ ነበር። ሰሞኑን የሁለት የሮም ጳጳሳትን ታሪክ ሳነብ ግን ልቤ አላርፍ አለኝ። እስቲ አብረን እንየው።

የመጀመሪያው አኒቄጦስ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ155 ግድም የሰምርኔሱ ጳጳስ ሽማግሌው ፖሊካርፐስ ሮም ድረስ መጣ። የትንሿ እስያ ክርስቲያኖች ፋሲካን በኒሳን 14 ነበር የሚያከብሩት፤ ዕለቱ ሰኞ ይሁን ሐሙስ ግድ የላቸውም። ሮም ይህን ልማድ አልያዘችም። ፖሊካርፐስ ከሐዋርያው ከዮሐንስ ጋር ያከበረውን አልተውም አለ። አኒቄጦስም ከእሱ በፊት የነበሩትን አባቶች ልማድ አልለቅም አለ። ማንም ማንንም አላሳመነም።

ታዲያ ተኳረፉ? የለም። አኒቄጦስ በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ቁርባኑን እንዲባርክ ለእንግዳው ክብሩን ለቀቀለት። በሰላም ተለያዩ።

ሁለተኛው ቪክቶር ነው። በ190 ግድም ያው ክርክር አገረሸ። የኤፌሶኑ ፖሊክራተስ የአባቶቼን ሥርዓት አልለውጥም ብሎ ሲጽፍለት፣ ቪክቶር የእስያን አብያተ ክርስቲያናት በሙሉ ከአንድነት ለመቁረጥ ተነሳ። ይኼኔ የሊዮኑ ኢሬኔዎስ ገሠጸው። ልብ በሉ፤ ኢሬኔዎስ ራሱ ፋሲካን የሚያከብረው እሑድ ነው። በቀኑ ከቪክቶር ጋር ይስማማል። ነገር ግን አኒቄጦስ ያደረገውን አስታወሰው።

በቪክቶር ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ግን እሱም ምክንያት ነበረው። ግማሹ ሲጾም ግማሹ ሲፈስክ አንድ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይባላል? በ325 የተሰበሰበው የኒቂያ ጉባኤም ፋሲካ በአንድ ቀን እንዲከበር ወስኗል፤ የጸናውም እሑድ ነው። በትውፊታችን ባሕረ ሐሳብን የቀመረልን የእስክንድርያው ድሜጥሮስም የቪክቶር ዘመን ሰው ነው። ቀኑን አንድ ማድረግ የብዙዎች ጭንቀት ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ቪክቶር በቀኑ አልተሸነፈም። ጥፋቱ ሌላ ነው። «እኔ ልክ ነኝ» ከሚለው ተነስቶ «ስለዚህ ወንድሜ አይደለህም» ወደሚለው በአንድ እርምጃ ዘለለ። አኒቄጦስም ልማዱን በፍቅር ስም አልሸጠም፤ እንደያዘ ነው ቦታ የለቀቀው። ሰው የሚያምንበትን አጥብቆ ይዞም እጁን መዘርጋት ይችላል ለካ!

አንዳንዶቻችሁ «ያንተ ወንድም እኮ የለወጠው ቀን ሳይሆን ሃይማኖት ነው» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ልዩነታችን ከእነሱ ይሰፋል። ግን እኔስ የከለከልኩት ምኑን ነው? ቁርባን እኮ አይደለም፤ የእናቱን ዶሮ ወጥ ነው! ለዚያውም አብሳይዋ እሷ፣ ከልካዩ እኔ። እናቴ ከሃይማኖቷ ንቅንቅ ሳትል ፈረሰኛውን ስታስቀምጥ ከኖረች፣ አኒቄጦስን ፍለጋ ሮም መሄድ አያስፈልገኝም ነበር።

ለመጪው ፋሲካ ወንድሜን ሄጄ የምጠራው እኔው ነኝ። በሩን የዘጋ ሰው ነው ቀድሞ መክፈት ያለበት። እሺ ይለኝ እንደሆነ ግን አላውቅም። አራት ዓመት ቀላል አይደለም።